በጋቢ የተጠቀለለው ጆሮ

መንገድ ላይ ቆሞ ማውራት የማልወድ ሰው ነኝ። የእኛ ሰላምታ ራሱ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ልጁ፣ ቤቱ፣ ጎረቤቱ፣ የሞተው፣ የታመመው ሁሉ ሳይጠየቅ አይታለፍም። በ፲፱፻፸፬ ዓመተ ምሕረት አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ግን ከሐይቅ ዳር ስመለስ የብስክሌቴ ጎማ ተነፈሰብኝና እየገፋሁ ወደ ታቦር ተራራ ሳዘግም ከአቶ ሸዋንግዛው ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ብስክሌት የሚገፋ ሰው ደግሞ ከማንም አያመልጥም።

አቶ ሸዋንግዛው የእድራችን ዳኛ ናቸው። ከሸዋ መጥተው አዋሳ ገና በጣት የሚቆጠር ቤት ከነበራት ጊዜ ጀምሮ በመንግሥት ሥራ የኖሩ፣ በኋላም ጡረታ የወጡ፣ ወፍራም መነጽር የሚያደርጉ ጨዋ ሽማግሌ ናቸው። እጄን እንደጨበጡ ስለ ጤናዬ ጠይቀው ሳይጨርሱ ከኋላችን «ጋሽ ሸዋንግዛው! ጋሽ ሸዋንግዛው!» የሚል ጥሪ ሰማን። ታቢታ ነበረች። የምሥራቅ ሠፈር ልጅ ናት፤ የሲዳማው ነጋዴ፣ የወንጌል አማኙ ሰው ልጅ። አዲስ አበባ ተምራ መጥታ ጆሯቸው የማይሰማ ሕፃናትን ታስተምራለች።

«ምነው ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምትሮጪው?» አሏት።

«እማማ እታፈራሁ ዛሬ ብሶባቸዋል። ድምፃቸው እየከዳቸው ነው። እባክዎን ጋሼ፣ የልጃቸውን የደረሰን መሣሪያ ይመልሱለት። እናቱ በሕይወት እያሉ ድምፃቸውን ይስማ!»

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ደረሰ የወይዘሮ እታፈራሁ አንድያ ልጅ ነው። ሰሜን ዘምቶ ከባድ መሣሪያ አጠገቡ ፈነዳና ሁለቱም ጆሮው ደነቆረ። ወደ ቤቱ ተመልሶ የእናቱን ከንፈር እያየ ዓመት ያህል ከኖረ በኋላ አዲስ አበባ ያሉ ሐኪሞች አንድ መሣሪያ ሰጡት። የሲጋራ ፓኮ የምታህል ሳጥን ናት፤ በደረት ኪስ ትቀመጣለች፣ ከእሷ የሚወጣ ቀጭን ሽቦ ጆሮ ውስጥ ይሰካል። ያን ሰሞን ደረሰ እንደ ሕፃን ሆኖ ነበር። በሩ ሲጢጥ ሲል፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታው «እማዬ፣ ስሚ! ስሚ!» እያለ እናቱን ያስቅ ነበር።

ከዚያ አንድ ልቅሶ መጣ። በዚያ ዘመን ሰው ልቡን የሚከፍትበት ቦታ ተርፎ ከሆነ የልቅሶ ድንኳን ብቻ ነበር። ቀበሌ ስብሰባ ላይ የሚባለው ሌላ፣ ድንኳን ውስጥ የሚባለው ሌላ። ደረሰ ሽቦውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ሲገባ ድንኳኑ ጭጭ አለ። ድምፅ ይቀዳል ተባለ፤ ጆሮ ጠቢ ሆኖ ተልኮ ነው ተባለ። በማግስቱ እድሩ መክሮ ወሰነ፦ መሣሪያው በዳኛው እጅ ይቀመጥ፣ አለዚያ እናትየዋ ከእድር ይሰረዙ። እናትየዋ ያኔውኑ ታመው ተኝተዋል። እድር የሌለውን ሰው ማን ይቀብረዋል? ደረሰ ሽቦውን ነቅሎ በገዛ እጁ አስረከበ።

«ልጄ፣» አሉ አቶ ሸዋንግዛው፣ «የእድር ውሳኔ ነው። ብቻዬን አላፈርሰውም።»

«ውሳኔው እኮ በስሕተት ላይ የቆመ ነው። መሣሪያው አይቀዳም። ድምፅ ይቀበላል፣ ያጎላል፣ ለጆሮ ያቀብላል፤ በቃ። ቴፕ የሚባል ነገር ውስጡ የለም። ከፈለጉ ከፍቼ አሳይዎታለሁ።»

«የራዲዮን ሆድ ከፍተሽ ብታሳዪኝ እኔ ምኑን አውቄው? የጉበቱን ቦታ ልለይ ነው?»

«እሺ፣ ይህ ዓይንዎ ላይ ያለው መነጽርስ? እሱም የሰው እጅ ሥራ ነው። ሰላይ ነው ያለዎት ሰው አለ?»

«መነጽር አያይም፤ የሚያየው እኔ ነኝ!»

«ይህም አይሰማም ጋሼ፤ የሚሰማው ደረሰ ነው።»

እዚህ ላይ ሳቄ አመለጠኝ። አቶ ሸዋንግዛው ገላመጡኝ።

«ትስቃለህ መምህር። አንተ እንኳን ባትስቅ ምን አለ? ልጄን ጌታቸውን ታውቀዋለህ።» ግራ ቀኝ ተመለከቱ፤ ከአንድ ጋሪ በቀር መንገዱ ባዶ ነበር። ጋሪው እስኪያልፍ ጠበቁ። «ልጄ ልቅሶ ቤት አንዲት ቃል ተናገረ። አንዲት ቃል! ጎሕ ሲቀድ መጥተው ወሰዱት። ሬሳውን እስከ ዛሬ አላየሁም። ድንኳን መጣል፣ ማልቀስ እንኳን ተከለከልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ታቢታ። የሌላ ሰው ልጅ በእኔ ዳኝነት ሥር እንዲህ ሲሆን ማየት አልችልም።»

እኔ መቼም ሽማግሌ አዲስ ነገር ሲቃወም ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። የእኚህን ሰው ግን ኋላ ቀርነት ብዬ ልሰድበው አልቻልኩም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እኚህ ሰው ደግሞ የተነደፉ ናቸው።

ታቢታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ቁስልዎን መንካቴ ነው። ጌታቸውን ያስያዘው ሰው ደረቱ ላይ ሽቦ ነበረው?»

አቶ ሸዋንግዛው መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጉ ጀመር።

«አልነበረውም። እግዚአብሔር በሰጠው ጆሮ ሰምቶ ነው የሄደው። ታዲያ ክፋቱ ከሰውየው ልብ እንጂ ከመሣሪያ አልመጣም። ይህ እኮ ገና ጅምሩ ነው። በሌላ አገር መምታት ለሚሰንፍ ልብ ከቆዳ ሥር ባትሪ እያስገቡ ያስመቱታል። ከነጭራሹ ለማይሰማም ከጆሮ ጀርባ ሥጋ ውስጥ የሚቀመጥ መሣሪያ እየሞከሩ ነው። ቀን ይመጣል፤ ሰው እንደ እጅ ሰዓት ያሰረው ነገር ሕመሙን ከመውደቁ በፊት ይነግረዋል።»

«አሃ! እንግዲያውስ ሁሉም ሰው ሰላዩን በገዛ አንጓው ላይ ሊያስር ነዋ!»

ቀላል መልስ አይደለም። ታቢታም አልናቀችውም። «ሊሆን ይችላል፣ እውነትዎን ነው። ስለዚህ ነው አስቀድመን መጠየቅና ማወቅ ያለብን። የማያውቅ ሰው ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ የሚጠቅመውን ይሸሻል፣ የሚጎዳውን ደግሞ አምኖ ያስራል። ደብቆ ማስቀመጥ ግን ከየትኛውም አያድንም።»

«ለመሆኑ የት ነው ያስቀመጡት?» አልኳቸው እኔ።

ሽማግሌው አፈሩ። «ሣጥን ውስጥ ነው። በጋቢ ጠቅልዬ፣ በላዩ ሌላ ጋቢ ደርቤ፣ ጥብቅ አድርጌ በገመድ አስሬዋለሁ።»

«ገመዱ ደግሞ ለምን?»

«የቤታችንን ወሬ እንዳይሰማ ነዋ!»

ከዚያች ቀን ጀምሮ እሳቸውና ባለቤታቸው ወይዘሮ ተዋበች በዚያ ክፍል ውስጥ የሚነጋገሩት በሹክሹክታ ነበር። በሌላ ቀን ቢሆን ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር። አቶ ሸዋንግዛው ግን አሁንም እጅ አልሰጡም። «እሑድ እድሩ ሲሰበሰብ ነገሩን አቀርባለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የምችለው የለም» አሉ። ታቢታ «እማማ እሑድን ያዩ ይሆን?» ብላ ፊቷን አዞረች። ያንን ስትል ሽማግሌው «በሉ እንሂድና እንጠይቃት» አሉና መንገዱን መሩን።

ቤቱ በጎረቤት ተሞልቷል። ደረሰ ከአልጋው ሥር ተንበርክኮ የእናቱን እጅ ይዞ ዓይኑን ከከንፈራቸው ላይ አይነቅልም። ከንፈራቸው ደርቆ እምብዛም አይንቀሳቀስም። አንድ ነገር አሉ። «እማዬ፣ ምን አልሽኝ?» አለ በጩኸት፤ የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ መመጠን አይችልም። እንደገና አሉ። «አልሰማሁም እማዬ። አንዴ ብቻ ድገሚልኝ!»

አቶ ሸዋንግዛው ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ወደ በሽተኛዋ አፍ አስጠጉ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ተለውጦ ነበር። ለደረሰ ጣታቸውን ሰብስበው ወደ አፋቸው እያመለከቱ «በልተሃል ወይ ነው የምትልህ» አሉት።

ደረሰ ገባው። እኔ ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ግንባሩን አልጋው ላይ ደፍቶ እንዲህ አለ፦ «ቃሉንማ ነገሩኝ፣ ጋሼ። ድምፅዋንስ?»

ሽማግሌው ሁላችንንም ተራ በተራ አዩን። ብድግ ብለው ወጡ። በመስኮት ስመለከት የጋቢያቸውን ጫፍ ሰብስበው ሽቅብ ይሮጣሉ። አቶ ሸዋንግዛው ሲሮጡ ያየ ሰው በአዋሳ ከተማ የለም። ብስክሌቴ አጥሩ ላይ ተደግፎ ቆሟል፤ ያ የተረገመ ጎማ!

ቤታቸው የሆነውን ወይዘሮ ተዋበች በኋላ ነገሩን። ሣጥኑን ከፍተው ጥቅልሉን አወጡ፤ ገመዱ ግን አልፈታ አለ። ራሳቸው ናቸው ያንን ሁሉ ቋጠሮ የቋጠሩት። በጥርሳቸው ያዙት፤ «ቢላዋ! ቢላዋ አምጪ!» ብለው ጮኹ። ገመዱ ተቆርጦ አንዱ ጋቢ ሲገለጥ ደግሞ ሌላኛው አለ።

ሽቦውን እያንጠለጠሉ በሩ ላይ ሲደርሱ ቤቱ በዋይታ ተሞልቶ ነበር። ወይዘሮ እታፈራሁ አርፈዋል። በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ደረሰ ብቻ አላወቀም። የእናቱን እጅ እንደያዘ፣ ከንፈራቸውን እያየ፣ እስኪናገሩ ይጠብቃል። ታቢታ ትከሻውን እስክትነካው ድረስ ጠበቀ።

አቶ ሸዋንግዛው መቃኑን ተደግፈው «ጅብ ከሄደ...» አሉና መጨረስ አቃታቸው። ሰው ፊት አለቀሱ። ለእታፈራሁ ብቻ አልነበረም፤ ያን ጊዜ ሳይለቀስለት የቀረው ጌታቸውም እዚያ ነበረ።

በማግስቱ የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ፤ ቀብሩም ሆነ። ድንኳን ውስጥ ሰዉ እንደተሰበሰበ ዳኛው ተነሡ። ደረሰን አጠገባቸው አስቀምጠው ሽቦውን በገዛ እጃቸው ጆሮው ላይ ሰኩለት፤ ሳጥኗንም ኪሱ ውስጥ ሳይሆን ሰው ሁሉ እንዲያያት ከልብሱ በላይ አንጠለጠሉለት።

«ወገኖቼ፣» አሉ፣ «ይህንን በጋቢ ጠቅልዬ ያሰርኩት እናንተን ልጠብቅ ብዬ ነበር። ማንን ጠበቅሁ? አንዲት እናትና ልጅዋን እንዳይደማመጡ አደረግሁ። የፈራነው ሰውን ነበር፤ የቀጣነው ግን ሽቦና አንድ ቁስለኛ ልጅ ነው። ልጄን የወሰዱብኝ ያለ ሽቦ ነው። ከእንግዲህ በዚህ እድር እኔ መነጽሬን አድርጌ እንደምገባ፣ ጆሮ የጎደለውም ጆሮውን አድርጎ ይግባ። የሚፈራ ሰው የራሱን አፍ ይጠብቅ እንጂ የሰው ጆሮ አይድፈን።»

የተቃወመ አልነበረም። መጀመሪያ «ይቀዳል» ብሎ ወሬውን ያስነሣው ሰውዬ አቀርቅሮ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን መናገር ደግሞ የእኔ ፈንታ ነው። ሳይሰሙ «እህ፣ እህ» እያሉ ራሳቸውን ሲነቀንቁ የኖሩ አዛውንት ወደ ታቢታ እየሄዱ ስለ መሣሪያው ይጠይቁ ጀመር። አንዲት እናት ከጓዳ ደብቃ ያሳደገቻትን ልጅ አውጥታ ክፍል አስገባች። እንግዲህ አንባቢዬ፣ ሰው ሠራሽ ነገር ሥጋችንን ሊደግፍ ሲመጣ አስቀድመን ምን እንደሚሠራና ለማን እንደሚሠራ እንጠይቅ፤ የሚጠቅመውን እንልበስ፣ ሊጎዳን የሚችለውን በሕግና በእውቀት እንግታ። ፍርሃት ቋጠሮ ማጥበቅ እንጂ መፍታት አያውቅበትም።

አቶ ሸዋንግዛው ራሳቸው አንድ ቀን ታቢታን «ያ ልብ የሚቀሰቅሰው ባትሪ አገራችን ይመጣ ይሆን?» አሏት። «ይመጣል ጋሼ» አለቻቸው። «እኔ አልደርስበትም። የምትደርሱበት ግን ሳትጠይቁ አትጠቅልሉት» አሏት።

እኔ የማልረሳው ግን የሠልስቱን ዕለት ነው። ምግብ ቀርቦ ሰዉ ሲበላ ሽማግሌው ከደረሰ ጎን ተቀመጡ። ወደ ሳጥኗ ጎንበስ ብለው፣ ሳይጮኹ፣ በደከመ ድምፅ «ደሬ፣ በልተሃል?» አሉት።

ደረሰ ዓይኑን ጨፈነ። «በልቻለሁ፣ ጋሼ» አለ።

ከፊቱ የቀረበለት ሳህን እንዳለ ነበር።