የተቀበረው እንቅርት

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ የሥራ ባልደረቦቼ፣

ይህን የሽኝት ግብዣ ያሰናዳችሁልኝን ሁሉ አመሰግናለሁ። የካፌያችን ዘነበች፣ ክትፎው ግሩም ነው፣ እጅሽ ይባረክ። ዕድሜዬን ሙሉ ሥጋ አሳስቼ ስቆርጥ ኖሬ፣ በስተርጅና የሚበላ ሥጋ ያቀረበልኝ ሰው ተገኘ።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። ንግግሬ በምርቃት ማለቁ ስለማይቀር፣ ቂሜን አስቀድሜ ላራግፍ። ዶክተር በቀለ፣ አይነሡ፣ እስከ መጨረሻው ይስሙኝ። ሥራ አስኪያጃችን ነዎት፣ ቀዶ ሐኪማችንም ነዎት፤ ዛሬ ማይኩ ግን እኔ ጋ ነው።

ይህች የግል ሆስፒታል ቡታጅራ ላይ ስትከፈት የፓቶሎጂ ክፍሉን ያቋቋምነው እኔና የላቦራቶሪዋ ፈቲሀ ነን። ሥራችን ከታካሚ የወጣውን ሥጋ ቆርጠን፣ ቀለም ቀብተን፣ ደግ ነው ወይስ ካንሰር ብለን መለየት ነበር። ሥጋው ታዲያ በምን ይመጣልን ነበር? በሃይላንድ ጠርሙስ። ሲገባ ለስላሳ ነው፤ እንዳይበሰብስ የሚጨመርበት ፎርማሊን ካጠነከረው በኋላ በዚያ ጠባብ አንገት አይወጣም። አንድ ቀን ፈቲሀ ጠርሙሱን አገላብጣ አየችና፣ «ዶክተር፣ ይኼ እንኳ በኦፕራሲዮን ካልሆነ አይወለድም» አለችኝ። ሳቅን። ያኔ ቢያንስ ይመጣልን ነበር።

ኋላ ዶክተር በቀለ አዲስ ልማድ አመጡ። የወጣውን እንቅርት በፌስታል አድርጎ ለቤተሰብ መስጠት። «ይኸው፣ ነቅለን አወጣንላችሁ» ሲባል ቤተሰብ ደስ ይለዋል፣ ወሬውም ይሄዳል፤ ከቡኢም ከአገናም ሰው ይጎርፍ ጀመር። በጠዋቱ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ስቃወም ምን አሉኝ? «ዶክተር ዓለምዘውድ፣ እንቅርት እንቅርት ነው። እጄ ያውቀዋል።» ቤቱ በሙሉ ሳቀ። የሳቃችሁ ዛሬም እዚህ አላችሁ፤ ማን ማን እንደነበራችሁ አልረሳሁም።

እጅ አያውቀውም። ካንሰር የሆነውም ያልሆነውም ለእጅ እኩል ልሙጥ ነው። ጉዳዩ ሴሎቹ የእባጩን ሽፋን ጥሰው ወጥተዋል ወይ ነው፤ ይህ ደግሞ በማይክሮስኮፕ እንጂ በጣት አይታይም። ሲያጠራጥር የሚረዱን ጠቋሚ ቀለሞች አሉ። ናሙናው ላይ ሲቀቡ ክፉ ጠባይ ያላቸው ሴሎች ብዙ ጊዜ ቡናማ ይሆናሉ። ነቢይ አይደሉም፣ አንዱ ብቻውን አይፈርድም። ግን «ቸኩለሽ አትሸኛት፣ ደግመሽ ቁረጪ፣ ደግመሽ እዪ» ይሉኛል። ፌስታል ውስጥ የሄደን እንቅርት ማን ይጠይቀዋል?

ሳሌሃን የምታስታውሱ ስንት ናችሁ? ገበያ ላይ በርበሬ የምትሸጠዋ፣ አልጋ ይዛ እንኳ ነርሶቹን በመድኃኒት ዋጋ የምትከራከረዋ። እንቅርቷ ወጣ። ባሏ ሙሀመድአወል ፌስታሉን ተቀብለው፣ የሰው ገላ ነውና ከጓሯቸው እንሰት ሥር በክብር ቀበሩት። እሳቸው አላጠፉም፤ የሰጣቸውን ሐኪም አምነው ነው።

በሁለተኛው ክረምት ሳትወድቅ ዳሌዋ ተሰበረ። ከአጥንቷ የተወሰደው ናሙና ግን እኔ ጋ መጣ። አጥንት ውስጥ የእንቅርት ሴል አየሁ። ከየት እንደመጣ የሚለየው ጠቋሚ ቀለም እንዲቀባልኝ አዲስ አበባ ላክሁት፣ ቡናማ ሆኖ ተመለሰ። ከአንገቷ የሄደ ካንሰር ነበር። በጊዜው ብናውቅ ኖሮ የቀረው የአንገቷ ዕጢ ይወጣላት፣ መድኃኒቷን ትወስድ፣ ዛሬ በርበሬዋን ትሸጥ ነበር ብዬ አምናለሁ። ይህን ሳስብ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ውጤቱን ስነግራቸው ሙሀመድአወል፣ «ዶክተር፣ ያንን ሥጋ ቆፍሬ ላምጣው?» አሉኝ።

ሳሌሃ ረመዳን ሳይገባ አረፈች። ብዙም ሳይቆይ ፓቶሎጂ አያዋጣም ተባለና ክፍላችን ተዘጋ። ስለዚህ ይህ ግብዣ ለእኔ ሽኝት ቢሆንም፣ ለክፍሉ ተዝካር ነው።

ዶክተር በቀለ፣ የተገላገሉኝ እንዳይመስልዎ። ከመጪው ሳምንት ጀምሮ ጉብሬ ባለው ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ። ተለማማጅ ሐኪሞች ወደዚህም ይመጣሉ። ኦፕራሲዮን ክፍል ገብተው፣ «ዶክተር፣ የወጣው ሥጋ የት ይሄዳል?» ብለው ይጠይቁዎታል። ይህን የማይጠይቅ ተማሪ የእኔን ትምህርት አያልፍም። ስንቱን ያባርራሉ?

እንግዳ መጋበዝ ይችላሉ ብላችሁኝ ነበር፤ አንድ ሰው ጋብዣለሁ። በሩ አጠገብ ነጭ ቆብ አድርገው የተቀመጡትን ታያላችሁ? ዶክተር በቀለ፣ ሲገቡ ጨብጠዋቸዋል። «እንኳን ደህና መጡ፣ አባቴ» አሏቸው። አላወቋቸውም። ሙሀመድአወል ይባላሉ።

አሁን ልመርቅ። ፈቲሀ፣ እጅሽ አይዛል፣ ዓይንሽ አይፍዘዝ። ለሁላችሁም፣ አላህም በሉት እግዚአብሔር፣ የእናንተንም የልጆቻችሁንም ገላ ከክፉ ይጠብቅ። ይህን ቤት ታሞ የገባ ድኖ የሚወጣበት ያድርገው። የሳቃችሁትንም ጨምሬ ነው የመረቅሁት፤ አሜን በሉ።

ዶክተር በቀለ፣ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ፤ ፈጣሪ የማይረሳ ልብ ይጨምርበት። ስጦታ እንዳዘጋጁልኝ ሰምቻለሁ፤ እሱ ይቆየኝ። ከሙሀመድአወል ጎን ያለው ወንበር ባዶ ነው። እሳቸው ያኔ «ቆፍሬ ላምጣው?» ብለው የጠየቁኝ፣ እርስዎን የሚመለከት ጥያቄ ነው። ይሂዱና እርስዎ ይመልሱላቸው። እኛ እንጠብቃለን።