ስሜ የቱ ጋ ነው?

እኔ ሐኪም ነኝ። ስለ እግር እብጠት ያጠናሁትን ጥናት የውጭ አገር ተመራማሪዎች ሳይቀሩ ይጠቅሱታል። ባለፈው ዓመት ሞላሌ ገበያ ውስጥ ሳልፍ፣ ለጥናቱ ከመረመርኳቸው ሕመምተኞች አንዷ ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ ሲሸጡ አዩኝና «ልጄ፣ ያ የጻፍሽው ወጣ?» አሉኝ። «ወጥቷል እማማ፤ በብዙ አገር እየተነበበ ነው» ብዬ ስልኬን ከፍቼ በኩራት አሳየኋቸው። ጽሑፉን በጣታቸው እየዳሰሱ «ስሜ የቱ ጋ ነው?» አሉ።

የታማሚ ስም እንደማይጻፍ፣ እሳቸውም በቁጥር ብቻ እንደገቡ ነገርኳቸው። ጣታቸውን ከስልኩ አንስተው «እኔስ ወንዱ ልጄ የሚያየው መስሎኝ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ከሄደ ወዲህ ድምፁን ሰምቼ አላውቅም። የእናቱን ስም ቢያይ ይደውላል ብዬ ነው ያን ሁሉ የነገርኩሽ» አሉ። እጃቸውን ያዝኩ። «ካነበቡት ውስጥ እዚያ አገር ያሉ አሉ?» አሉኝ። «አሉ» አልኩ። «እንግዲያስ ጠይቂልኝ። ጌታነህ ይባላል። እናትህ የሺመቤት ትፈልግሃለች በይልኝ፤ ስሜን አትደብቂብኝ።»

እዚያ ላሉት ሁሉ ጻፍኩ፤ እስካሁን የሚያውቀው አልተገኘም። ዛሬ አዲስ ሰው ጽሑፌን በጠቀሰ ቁጥር መጀመሪያ የማየው አገሩን ነው።