አሥረኛው ወንድም

ነይ እህቴ፣ እዚህ ጋ ተቀመጪ፤ መስኮቱ ስር ነፋስ አለ። ሻይ ልቅዳልሽ? እንቁላሉ ትንሽ አሯል፣ ግን ብዪ። የምኩራባችን የወንዶች ማኅበር በዓመት አንዴ ለሴቶች ቁርስ ይሠራል፤ ዓመቱን ሙሉ ደግሞ ይወራለታል። መጥበሻውን ማን እንደሚፈገፍገው ብቻ አትጠይቂኝ።

ባነሩን አየሽው? «ወንድም ለወንድም ይደርሳል» ይላል። ሲያምር! እንዲህ ቀጥ ያለ ነገር በማኅበራችን ብርቅ ነው… ባነሩን ማለቴ ነው።

አንቺ ባለቤቴን የቀበርን ሰሞን መንገድ ላይ ነበርሽ። እስቲ ያመለጠሽን አንድ ደግ ሰው ላጫውትሽ። ማን ነው? ኧረ ስም አልጠራም፣ እኔ ሰው አላማም! ድምፄን ልቀንስ? ለምን? ምስጋናም በሹክሹክታ ሆነ እንዴ?

ሐዘን ቤት ማታ ማታ ለጸሎት አሥር ወንድ አሟልቶ የሚልከው ማኅበሩ ነው። አሥር ካልሞላ ልጅ ለአባቱ የሐዘኑን ጸሎት አይልም፤ ታውቂው የለ። የቀብሩ ዕለት ፀጉር አስተካካዩ «ሱቄን ዘግቼ ልምጣ» ቢል፣ ያ ደግ ሰው «አትድከም፣ አሥረኛው እኔ ነኝ» አለው። ለሰው ድካም እንዲህ የሚጨነቅ የት ይገኛል?

ሹፌሩ ልጄ መጽሐፉን ገልጦ ቆመ። ሰው አንድ፣ ሁለት ተብሎ አይቆጠርምና ታላቅ ወንድሜ እንደ ደንቡ አሥር ቃል ያላትን ጥቅስ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ቃል እያደለ ሄደ። የመጨረሻዋ ቃል ባለቤት አጣች። እንደገና ጀመረ። አሁንም አጣች። «ዘላለም» የምትለዋ ቃል ናት፣ እህቴ… ቤቴ መሃል ብቻዋን ቀረች። በመጨረሻ ልጄ ጸሎቱን ሳይል መጽሐፉን አጠፈ። ያን ጊዜ አንጀቴ ነደደ፤ ዛሬም አልበረደልኝም።

ደጉ ሰውዬ የት ነበር? እዚሁ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ መሰላል ላይ። ባነሩ በግራ በኩል ዘንበል ብሎበት! ታዲያ ምን ያድርግ? ሙት እንደሆነ አንዴ ከተጋደመ አይቃናም፤ ባነር ግን ይቃናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አይደል የሚባለው? የኛዎቹ አብረው ባነር አሰሩ፣ ትንሽ ነው?

በማግስቱ ደግሞ መጣ እኮ፣ ከፎቶ አንሺ ጋር። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የእሱ እንባማ እንዴት ያለ ጨዋ ነው… ካሜራው እስኪስተካከል ጠበቀ።

ዛሬ «የዓመቱ ወንድም» ብለው ሊሸልሙት ነው። ሽልማቱን ሰጥቼ እንድመርቀው የለመኑት ደግሞ እኔን፤ ባሏ የሞተባት ብትመርቅ ደስ ይላል አሉ። እምቢ ልበል? እንዴት ብዬ!

ቀና ብሎ አየን እንዴ? አይዞሽ፣ ባነሩን ነው የሚያየው… ያው፣ እየጠሩኝ ነው። ሻይሽ እንዳይቀዘቅዝ። ምርቃቱን ግን አስቀድመሽ ስሚና አሳምሬው እንደሆነ ንገሪኝ፦ ፈጣሪ ዕድሜውን ያርዝመው፣ ቤቱን ይባርክለት፤ ቀኑ ደርሶ ልጁ መጽሐፉን ገልጦ በቆመባት ማታ ደግሞ፣ እንደ እሱ ያሉ አሥር ወንድሞች ይላክለት።

አሜን በዪ እንጂ!