«ጎማው ሳይቃና እንዳትጭኑኝ» ያሉት የአቶ ካሳዬ ይመር ዜና ሕይወት

ቀብሩ በስድስት ሰዓት ይፈጸማል ተብሎ ሳለ እስከ አሥር ሰዓት የዘገየው ለምን እንደሆነ፣ ከጠዋት ጀምሮ በዚህ ቅጥር ግቢ ሲያጉረመርም ለዋለው ሁሉ ቤተሰቡ መልስ አለው። መልሱ ከሟቹ ሕይወት ተነጥሎ የሚነገር አይደለምና፣ ከመርሳ፣ ከሲሪንቃ፣ ከወልድያና ከዚሁ ከግራና ዙሪያ የተሰበሰባችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ የአቶ ካሳዬ ይመርን ዜና ሕይወት እስከ ፍጻሜው እንድታደምጡ በትሕትና እንጠይቃለን። «ሬሳ አስቀምጠው ጋራዥ ከፈቱ» እያላችሁ ስትስቁ የነበራችሁም ቀረብ ብላችሁ አድምጡ።

አቶ ካሳዬ ከአባታቸው ከአቶ ይመር ተሰማና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ በላይ፣ በ1953 ዓ.ም. በሀብሩ ወረዳ፣ ከዚህ ደብር ቁልቁል በሚታየው መንደር ተወለዱ። አባታቸው ገበሬ ሲሆኑ፣ ሞፈሩ ተዛብቶ ትልሙ ሲጣመም በሬውን የሚገርፍ ሰው ካዩ ከራሳቸው ማሳ ተነሥተው ሄደው የሚቆጡ ሰው እንደነበሩ ሽማግሌዎች ይመሰክራሉ። አቶ ካሳዬ የአባታቸውን መሬት ባይወርሱም ይህችን ቁጣ ሳትጎድል ወርሰዋል፤ በኋላ የሆነውም ሁሉ ከዚህች የመጣ ነው።

እስከ ስምንተኛ ክፍል በመርሳ ከተማሩ በኋላ በ1977 ዓ.ም. ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምለው በከባድ መኪና ጥገና ክፍል ሲያገለግሉ ቆይተው፣ ሠራዊቱ ሲበተን ወደ አገራቸው ተመልሰው በወልድያ በአንድ ጋራዥ ተቀጠሩ፤ ጥቂት ዓመታት ሠርተውም በመርሳ፣ በአስፋልቱ ዳር፣ የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ። ሞተር የሚፈታው ብዙ ነበር፤ የፊት ጎማ የሚያቀኑት ግን እሳቸው ነበሩ። በተለይ ለድንጋያማ መንገድ ሲባል ሞላቸውና ባሌስትራቸው በሌላ ተለውጦ ከፍ የተደረጉ ፒካፖች፣ መኪናው ሽቅብ ሲነሣ የፊት ጎማዎቹ አቋም አብሮ ስለሚዛባ፣ ወደ አንድ ወገን እየጎተቱ፣ ጎማቸውን በአንድ ጠርዝ እየበሉ፣ ከጠመዘዟቸው በኋላ መሪያቸው አልመለስ እያለ ወደ እሳቸው ይመጡ ነበር። እሳቸውም ከኋላ ጎማ እስከ ፊት ጎማ ሲባጎ ወጥረው፣ መጀመሪያ የጎማውን ዘንበልታ፣ ቀጥሎ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የዞረ አፍንጫውን እያቀኑ ይመልሱላቸዋል። አንድ የማይለወጥ ሕግም ነበራቸው፤ መኪና የሚስተካከለው ሊጭን የሚውለውን ክብደት ጭኖ ነው፤ ባዶውን የተስተካከለ መኪና ባዶውን ብቻ ይነዳ ይሉ ነበር።

በ1987 ዓ.ም. የሲሪንቃዋን ወይዘሮ ፀዳለን በሥርዓተ ተክሊል አገቡ። በሠርጋቸው ዕለት የሙሽራው መኪና ወደ ግራ እንደሚስብ ስለተሰማቸው መንገድ ላይ አስቁመው፣ ከነሙሉ ልብሳቸው ከመኪናው ሥር ገብተው፣ ሚዜዎቹ እግራቸውን ይዘው እስኪጎትቷቸው ድረስ እንዳልወጡ ወይዘሮ ፀዳለ ዛሬም ይናገራሉ። ሰላምታ ሳይሰጡ ጎማ የሚያዩ፣ የቄሱን መኪና እንኳ ቆመው የሚተቹ፣ ቁጡና አንደበታቸው የማይታገሥ ሰው ነበሩ፤ ይህን የምንደብቅበት ምክንያት የለም። ከትዳራቸውም ሰላማዊትንና ሳሙኤልን ወልደው፣ አሳድገው፣ አስተምረው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጋራዣቸው ተዘርፎ ግድግዳው ብቻ ሲቀር፣ «ሲባጎዬን ትተውልኛል፤ ሲባጎ የሚሰርቅ የለም» ብለው በማግስቱ በተውሶ ክሪክ ሥራ ጀመሩ።

አሁን ወደ እድሩ መኪና እንምጣ። አቶ ካሳዬ ከእድራችን መሥራቾች አንዱ ነበሩ፤ የሬሳ ማመላለሻውን ፒካፕም ያለ ዋጋ ሲጠግኑ ኖረዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መኪናው በግራና መንገድ ሆዱ ድንጋይ እየነካ ስላስቸገረ፣ ኮሚቴው ሌላ ከተማ ወስዶ ከፍ አስደርጎት፣ እልል እየተባለ ተመለሰ። አቶ ካሳዬ ከፍ መደረጉን አልተቃወሙም፤ እንዲያውም ደግ አደረጋችሁ ብለዋል። ነገር ግን ዞር ዞር ብለው አይተው፣ የፊት ጎማው እንዳልተስተካከለና ሰው ከመጫኑ በፊት መቃናት እንዳለበት ተናገሩ። ኮሚቴው «አዲስ ዕቃ ምን ማስተካከያ ያሻዋል? እናየዋለን» ብሎ መለሰ። እሳቸው በየወሩ ስብሰባ ያነሡታል፤ ኮሚቴው በየወሩ «እናየዋለን» ይላል፤ አባላቱ ደግሞ «ካሳዬ ጎማቸውን አመጡ» እያሉ ይስቃሉ። ሲስቁ ከነበሩት መካከል ዛሬ እዚህ ደረታቸውን የሚደቁ አሉ።

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ መከራው ግን ኮሚቴውን ትቶ በሌላ ሟች ላይ ወረደ። በ2016 ዓ.ም. ለስንቱ ለቅሶ ድስት ሲጥዱ የኖሩት ወይዘሮ ሸዋዬ ዐርፈው በዚያ መኪና ወደ ግራና ሲሄዱ፣ ሹፌሩ አቶ ይታገሱ ከታችኛው መታጠፊያ ሲወጡ መሪው አልመለስ ብሎ መኪናው ቦይ ገባ፤ የኋላው መዝጊያም ተከፍቶ የእኒያ እናት ሬሳ ሳጥን በልጆቻቸው ፊት ከመሬት ወደቀ። ከዚህ የበለጠ ምን ውርደት አለ? ኮሚቴው ግን ከማፈር ይልቅ «ሹፌሩ ቀምሶ ነበር» የሚል ወሬ አስወራ፤ ጠላ እንኳ በአፋቸው የማይዞረውን አቶ ይታገሱን ከሥራ አሰናበተ።

ያን ጊዜ አቶ ካሳዬ የአባታቸው ልጅ መሆናቸውን አሳዩ። የመኪናውን ያለቀ ጎማ እያንከባለሉ ከስብሰባው መሐል አምጥተው ከሊቀመንበሩ እግር ሥር ካስተኙት በኋላ፣ «እስቲ ጣትዎን ይስደዱበት! ይኸኛው ጠርዝ ጥርስ አለው፣ ያኛው ራሰ በራ ነው። ይታገሱ ነው ይኼን የላጨው?» ብለው ጮኹ። ጎማውን የነካ አልነበረም። አቶ ካሳዬ ግን «እድሩን አዋርደዋል» ተብለው፣ ራሳቸው ከመሠረቱት እድር ተሰረዙ። ሰውን ከእድር መሰረዝ ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ስትሞት አናውቅህም ማለት ነው። እሳቸው በዚያው ዕለት አቶ ይታገሱን «አብሽር፣ ነገ ሥራ ግባ» ብለው በጋራዣቸው ቀጠሯቸው፤ የጎማ ማቅናት ሙያቸውንም አንድ ሳያስቀሩ አስተማሯቸው።

ከዚህ በኋላ የኩላሊት ሕመም ጸንቶባቸው በወልድያ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ መዳን እንደማይሆንላቸው ባወቁ ጊዜ ንስሐ አባታቸውንና ባለቤታቸውን አስጠርተው፣ «በእድሩ መኪና ጎማው ሳይቃና እንዳትጭኑኝ፤ ከተቃና ግን ሌላ መኪና እንዳትለምኑልኝ» ሲሉ ተናዘዙ። የተናዘዙትም ይህን ብቻ ነው። በትናንትናው ዕለትም በተወለዱ በስድሳ አምስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ዛሬ ጠዋት እድሩ፣ የሕዝቡን ዓይን ፈርቶ ይሁን ፈጣሪን፣ ድንኳኑንና መኪናውን ይዞ ወደ ቤታቸው መጣ። ኑዛዜው ሲነገራቸው ሊቀመንበሩ «ቀብሩ ይለፍና እናየዋለን» አሉ። በዚህ ጊዜ ወይዘሮ ፀዳለ ከለቀስተኛው መሐል ተነሥተው፣ «እሳቸው ‹እናየዋለን› ስትሏቸው ነው ያለፉት፤ አሁን እዩት!» ብለው ከፊት ጎማው ሥር መሬት ላይ ተቀመጡ። ማን ደፍሮ ያስነሣቸዋል? አቶ ይታገሱ ወደ ጋራዡ ሄደው፣ አቶ ካሳዬ ለዚሁ መኪና ብለው ገዝተው፣ ኮሚቴው እሺ እስኪል ዘይት ቀብተው በላስቲክ ጠቅልለው ያኖሯቸውን፣ ለተነሣው ቁመት የሚስማሙ ረጃጅም የጎማ መያዣ ክንዶች አወጡ። ከእድሩ የተሰረዘው ሰው ለእድሩ መኪና ዕቃ ገዝቶ ይጠብቅ ነበር። ይህን ስትሰሙ ምን ይሰማችኋል?

ክንዶቹ ከተለወጡ በኋላ ሲባጎው ተወጠረ፤ በሟቹ ሕግ መሠረትም ሳጥን ተሸካሚዎቹ ከኋላ ተጫኑ። ክብደቱ አልሞላ ሲል ሊቀመንበሩም ከነካፖርታቸው ወጥተው ጎማው እስኪቃና ድረስ ተቀመጡ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ያደረጉት የመጀመሪያው እርዳታ ነው፤ እናመሰግናለን። የዘገየነውም ስለዚህ ነው።

ከታችኛው መታጠፊያ ስንደርስ የወይዘሮ ሸዋዬ ልጅ ሮማን ዓይኗን በነጠላዋ ሸፈነች። ዛሬም መኪናውን ሲነዱ የነበሩት አቶ ይታገሱ መሪውን ጠመዘዙት፣ ከዚያም መዳፋቸውን አላሉለት፤ መሪው በገዛ ራሱ ተመለሰ፣ መኪናውም መንገዱን ይዞ ሄደ። አቶ ካሳዬ «አላልኳችሁም ነበር ወይ?» የሚሉበትን ቀን ተኝተው አለፉት።

አቶ ካሳዬ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ፀዳለን፣ ልጆቻቸውን ሰላማዊትንና ሳሙኤልን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና የሙያ ልጃቸውን አቶ ይታገሱን ትተው አልፈዋል። ስማቸውን ከእድሩ መዝገብ የፋቁ እጆች ከአርባቸው በፊት እንዲመልሱት፣ በአቶ ይታገሱ ላይ የተወራውም ሐሰት መሆኑን በእድሩ ስብሰባ ፊት እንዲናገሩ ቤተሰቡ ይጠይቃል፤ «እናየዋለን» የሚል መልስ አንቀበልም።

የቸርነት አምላክ የአቶ ካሳዬን ነፍስ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጋር ያኑርልን፤ ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው መጽናናትን ይስጥልን። ከእኛም መካከል ቀጥሎ በዚያ መኪና የሚጫነውን፣ የሳቀባቸውም ቢሆን፣ ሳይወድቅ ከዚህ ያድርስልን፤ እሳቸው የተሰረዙት ለእሱ ብለው ነበርና። አሜን።