የኅዳር ጭስና የጽናት ፀጉር

ኅዳር ሚካኤል ዕለት ጧት በዘመሮ ዙሪያ ያለው መንደር ሁሉ ጭስ ነበር። በየደጁ ጥራጊ ተከምሮ በሽታ ይውጣ እየተባለ ይቃጠላል። ጭሱ ከጓሳ ተራራ ከወረደው ጉም ጋር ተቀላቅሎ ሰው ከአጥር ማዶ ያለውን ጎረቤቱን እንኳ ማየት ተሳነው። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ግን ይህንኑ ነበር የፈለጉት፤ የሚያቃጥሉት ጥራጊ አልነበረምና።

በእጃቸው በያዙት ጨርቅ ውስጥ ያለው የልጃቸው የጽናት ፀጉር ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከትራስ፣ ከማበጠሪያና ከእንዝርት ላይ ለቅመው አጠራቅመውታል። ጽናት ባና ለሚባለው ብርድ ልብስ የሚሆን ጥቁር የበግ ፀጉር ስትፈትል የራሷም ፀጉር አብሮ እየገባ ይጠመዘዛል። አንድ ቀን እናቲቱ ፈትሉን አንሥተው ሲያዩት የቱ የበግ፣ የቱ የልጃቸው እንደ ሆነ መለየት አቃታቸው።

ከፀጉሩ ጋር የጽናት ኪኒን አለ። ከሦስት ዓመት በፊት ድምፅ ይጠራኛል እያለች ጉም ውስጥ ትጠፋ የነበረችውን ልጅ ወደ ቤቷ የመለሳት ይኸው ኪኒን ነበር። እናቷ ከከለከሏት ግን ዛሬ አራተኛ ቀኗ ነው። ወይዘሮዋ ከፀጉሩ ጥቂቱን እሳቱ ላይ ጣሉ።

"እንደምን አደሩ እማማ? ምነው ጭሱ ፀጉር ፀጉር ሸተተኝ?"

ከጉሙ ውስጥ ብቅ ያለው የጎረቤታቸው ልጅ ኃይለ ኢየሱስ ነው። በከተማው ጤና ጣቢያ ነርስ ሲሆን፣ ተረኛ ስለ ነበር በበዓሉም ወደ ሥራ እየሄደ ነበር። ወይዘሮዋ ደነገጡ፤ መዋሸት ግን አልሆነላቸውም።

"ምን ላድርግ ልጄ! ያ ክፉ መንፈስ ፀጉሯን እየነጨ ጨረሰው። ትናንት ግድግዳውን እያየች 'ነጪዎቹ መጡ' ስትል በጆሮዬ ሰማሁ።"

"በጨርቁ የያዙት ኪኒኑስ ምን በደለ?"

"እሱ ቢሆንስ ያረገፈው ብዬ አራት ቀን ከለከልኳት። ወይ መንፈሱ ነው፣ ወይ ኪኒኑ። ሁለቱም ከቤቴ ይውጡልኝ።"

"ከግድግዳው ጋር ማውራት የጀመረችው ግን ኪኒኑን ከከለከሏት ወዲህ ነው አይደል?"

 ብዙ የተማረ ሰው እዚህ ላይ ይስቅና ነገሩን ያበላሻል። ኃይለ ኢየሱስ አልሳቀም፤ ቦርሳውን አስቀምጦ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

"እማማ፣ ነሐሴ ላይ ጽናት ኮሮና ይዟት ተኝታ አልነበር?"

"እኔንም ጭምር እንጂ! ትኩሳቱ እንደ እሳት ነበር።"

"እንዲህ ያለ ትኩሳት ያለፈበት ሰው ሁለት ሦስት ወር ቆይቶ ፀጉሩ ይረግፋል። ሥሩ አይሞትም፤ አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ ተመልሶ ይበቅላል። ፀጉር የሚያሳሳ ኪኒንም አለ፤ አልዋሽዎትም። ግን ሦስት ዓመት ስትውጠው ረግፎባት ያውቃል? ቢያጠራጥርም ሐኪም ይጠየቃል እንጂ በገዛ እጅ አይቋረጥም።"

"ትኩሳቱ ከሆነማ ጤነኛውን ለምን ይተዋል? ለምን እሷን ብቻ መረጠ?"

ይህን ሲሉ እውነት እንዳልሆነ ያውቁ ነበር። ግራ ቀኙን አይተው ሻሻቸውን ፈቱት። ከጆሮ ግንዳቸው በላይ ፀጉራቸው ሳስቶ ቆዳው ይታያል።

"እኔንም ጀምረውኛል" አሉ በሹክሹክታ። "እሷን ጨርሰው ወደ እኔ ተሻገሩ።"

"እርስዎ ኪኒን ይውጣሉ?"

"ምን በወጣኝ!"

"ድምፅስ ይሰማዎታል?"

"ኧረ በሚካኤል!"

"እንግዲያው እርስዎንና እሷን የሚያገናኛችሁ ያ ትኩሳት ብቻ ነው።"

ወይዘሮዋ ጭሱን ተመለከቱ። "አያቴ ስትነግረኝ" አሉ፣ "ከኅዳር በሽታ የተረፉ ሴቶች ራሳቸው ተመልጦ ቅል መስሎ ነበር አሉ። ኋላ ግን በቀለ። ይህን ጭስ የምናጨሰውም ለዚያው በሽታ መታሰቢያ ነው።"

"ይኸው፤ ከኔ በፊት ያውቁታል።"

"በየጧቱ የማጠጣትን ጠበልስ ልተው?"

"ለምን ይተዋሉ? ቄሰ ገበዙ ጠበላቸውን እየጠጡ የደም ግፊት ኪኒናቸውን ይውጡ የለም እንዴ? ዛሬውኑ ይዘዋት ይምጡ፤ እንዴት እንደምትቀጥል ሐኪሙን እንጠይቃለን።"

ወይዘሮዋ ኪኒኑን ጉያቸው ከተቱ። የቀረውን ፀጉር ግን እሳቱ ላይ ጣሉት፤ "እሱስ ጥራጊ ነው" አሉ።

ቤት ሲገቡ ጽናት ጥግ ይዛ ተቀምጣ ነበር። የእናቷን ራስ ስታይ በፍርሃት አፏን ያዘች። "አንቺንም ነጩሽ?"

"ማንም አልነጨኝ ልጄ። ታምሜ ነበር፤ አንቺም ታመሽ ነበር።" አቅፈዋት አለቀሱ።

በሐኪሙ ምክር ኪኒኗን በቀጠለች በሳምንታት ውስጥ ግድግዳው ዝም አለ። በጥር ማርያም ማኅበር ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ልጃቸውን ይዘው ሄዱ። ሴቶቹ እንደ ወትሯቸው ጽናትን ለብቻዋ በር አጠገብ አስቀመጧት። ወይዘሮዋ የደረሰባቸውን ሁሉ ተናግረው ሻሻቸውን ፈቱ፤ አዲሱ ፀጉር እንደ ገብስ ቡቃያ ብቅ ብሏል።  ከዚያ ወይዘሮ ትርሲት የሚባሉ ሴት ሻሻቸውን ፈቱ፤ ሌላዋም ተከተለች። አምስት ሆኑ። ሁሉም ነሐሴ ላይ ታመው ነበር፤ ሁሉም መንፈሱ እኔን ብቻ መረጠኝ ብለው ሲሸሽጉ ከርመዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው ለካ እንዲህ ላለው ነው!

ጽናት ሁሉንም በየተራ አየቻቸው።

"ሁላችሁም ታማችሁ ከነበረ፣ የምትሸሹት ለምን እኔን ብቻ ነበር?"

 ወይዘሮ ትርሲት ሻሻቸውን በእጃቸው እንደ ያዙ ተነሡና በሩ አጠገብ ሄደው ከጎኗ ተቀመጡ።