ለሙሽራ የተደፈነ ቱቦ

ከሐይቅ ወደ ውጫሌ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጡት ሐጂ አጠገባቸው ያለውን ወጣት መኪናው የት እንደቀረች ጠየቁት።

«ጋራዥ ናት። ጭሷን መልሶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባውን ቱቦ በላሜራ አስደፈንኩት።»

«ለምን?»

«እንድትፈጥን። ነገ ኳስ ሜዳው ላይ ከአጎቴ ልጅ ጋር ሦስት ዙር እንሽቀዳደማለን።»

«ጭሱንስ ማን ይውጠው?»

«ተመልካቹ።»

«ብታሸንፍስ?»

«ኢንሻአላህ፣ እሑድ የወንድሜን ሙሽራ የማመጣት እኔ ነኝ።»

«የሙሽራ መኪና እኮ ከጨፋሪው ኋላ ነው የሚሄደው።»

«አውቃለሁ።»

«ጨፋሪው ደግሞ በእግሩ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ሐጂ። የአጎቴ ልጅ ግን ከእኔም ኋላ ነው የሚሆነው።»

«ከጭሱ ጋር?»

«ከጭሱ ጋር።»

የጨፋሪዎቹን እግር በሐሳቤ እየተከተልኩ፣ የያዝኩትን መጽሐፍ ሳልገልጥ ውጫሌ ደረስኩ።