«ለባሰበት ይሁን»

ያን እሑድ ቤተ ክርስቲያን የገባሁት ለጸሎት ነው ብል ዋሸሁ። ጠዋት ከአንድ ገበሬ በረት ምጥ የጠናባት ላም አዋልጄ ስመለስ የበረዶ ዐውሎ ነፋስ መንገዱን ደፈነብኝ። መኪናዬን ይዤ ቦይ ውስጥ ከምገባ ብዬ ቬስትቢ ከተማ መግቢያ ላይ ያለችው የሉተራኖች ቤተ ክርስቲያን ደጅ አቆምኩና ወደ ምድር ቤቱ ወረድኩ። ምሳ ተበልቶ አልቋል፤ ብልሆቹ ዐውሎው ሳይበረታ ወደየቤታቸው ሄደዋል። የቀሩት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ወጥ ቤት ውስጥ ዕቃ የምታጥበው አርዲስ፣ ገበሬው ኤርሊንግ ትቬይትና አሥራ ስምንት ዓመት የሞላት ልጁ ማረን።

ኤርሊንግን ይህ ምዕራብ ሚኒሶታ በሙሉ ያውቀዋል። ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ አኩሪ አተሩንና ጥቂት ላሞቹን ይዞ ከልጁ ጋር ብቻውን ይኖራል። መኪናህ በረዶ ውስጥ ብትቀረቀር ሳትጠራው በትራክተሩ መጥቶ ያወጣሃል፤ ለነዳጅህ ይሁን ብለህ ገንዘብ ብታወጣ ግን ክረምቱን ሙሉ ያኮርፍሃል። ውለታ መዋል ይወዳል፤ ውለታ መቀበልን እንደ ጥርስ ሐኪም ይፈራዋል። ሰው ሁሉ በዚህ ያመሰግነዋል፤ እኔ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አንዳንዴ ያናድደኛል።

«ዶክተር፣ ነይ ተቀመጪ» አለና ወንበር ሳበልኝ። ተቀመጥኩ። አባትና ልጅ ዓይን ለዓይን አይተያዩም።

«በረዶው በርትቷል» አለ ኤርሊንግ።

«በርትቷል» አለች ማረን።

«ነገ ይቆም ይሆናል።»

«ይሆናል።»

የእኛ አገር ሰው ሲጣላ አይጮኽም፤ ስለ አየሩ ያወራል። አባትና ልጅ በዚህ ዓይነት ስለ በረዶው ከተነጋገሩ ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው።

«በምንድን ነው የተጣላችሁት?» አልኩ።

«ማን ተጣላ?» አለ ኤርሊንግ።

«ተጣልተናል እንጂ!» አለች ማረን። «ዶክተር፣ እርስዎ ይፍረዱን። ዩኒቨርሲቲው ተቀብሎኛል፤ የእንስሳት ሕክምና ለመማር መንገዱ እሱ ነው። የተማሪ እርዳታ ማመልከቻውን በእኔ በኩል ጨርሻለሁ። የቀረው አባዬ ‹የግብር መረጃዬ ይታይ› ብሎ መፍቀድ ብቻ ነው። እሱ ካልፈቀደ ከፌዴራል መንግሥቱ ምንም አላገኝም። ክፍለ ግዛቱም ዩኒቨርሲቲውም እርዳታቸውን የሚወስኑት ያንኑ ማመልከቻ አይተው ነው፤ ስለዚህ የእነሱም ይቀራል። ቀነ ገደቡ ዓርብ ነው። ዓርብ ካለፈ እህል ጎተራው ሚዛን ላይ ተቀጥሬ መኪና ስመዝን እኖራለሁ።»

እዚህ ላይ አንባቢዬን አላታልልም፤ ነገሩ የእኔም ጉዳይ ነበር። በአካባቢው ላም የሚያክም ሐኪም ከእኔ ሌላ የለም፤ ጉልበቴም በየበረቱ መንበርከክ እያቃተው መጥቷል። ማረን ከልጅነቷ ጀምሮ ከኋላዬ እየተከተለች ስትጠይቀኝ ያደገች ልጅ ናት። እሷ ካልተማረች ነገ እነዚህን ከብቶች ማን እንደሚያያቸው አላውቅም። ቢሆንም ዳኛ ተብዬ ስለተጠራሁ አፌን ያዝኩና ወደ አባትዬው ዞርኩ።

«ኤርሊንግ፣ አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔ የምለው አጭር ነው» አለ። «እኛ ትቬይቶች የመንግሥትን እጅ አይተን አናውቅም።»

«አባዬ፣ የአኩሪ አተሩ ኢንሹራንስስ?»

«እሱ ሌላ ነው።»

«ምኑ ነው ሌላ? ከክፍያው ከግማሽ በላዩን የሚችልልህ ማን ሆነና?»

«እሱማ… ሁሉም ሰው የሚወስደው ነው።»

ከወጥ ቤት የአርዲስ ሳቅ ተሰማ። «ኤርሊንግ፣ ልጅቷ ይዛሃለች!» አለች።

ኤርሊንግ ጆሮው ቀላ። የተያዘ ሰው እንደሚያደርገው ወደ ሌላ ነገር ተሻገረ።

«እሺ፣ እሱ ይቅር። ዋሽንግተን ያሉትን ሰዎች ግን ማን ያምናቸዋል? መስከረም ባለቀ ቁጥር በበጀት አልተስማማንም ይላሉ፤ አንዳንዴም መሥሪያ ቤቱን ቆልፈው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ዛሬ ለተማሪ እንጨምራለን የሚል ይመጣል፤ ነገ እንቀንሳለን የሚል ይመጣል። እኔ ላሞቼን እንደዚህ ብመግባቸው ዶክተር አንቺ ራስሽ ትከሺኝ ነበር።»

«እከስህ ነበር» አልኩ፤ በዚህ ነገር እውነት አለውና።

ማረንም አልካደችም። ይህን ነው የምወድላት። ሌላ ልጅ ብትሆን አባቷን ኋላ ቀር ብላ ትነሣበት ነበር፤ እሷ ግን ወንበሯን አስጠግታ ረጋ ብላ አስረዳችው።

«ልክ ነህ አባዬ። ፔል የሚሉት የማይመለሰው እርዳታ እንደ ጡረታ በቋሚነት የተቆረጠ አይደለም። አብዛኛው በየዓመቱ በኮንግሬሱ በጀት ነው የሚወሰነው። አንድ ዓመት ይጨምሩታል፤ ሌላ ዓመት እንዳለ ይተዉትና የመኝታውና የምግቡ ዋጋ ጥሎት ይሄዳል። ይቀነስ የሚልም አይጠፋም። አልደብቅህም፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ ስንት እንደሚደርሰኝ ዛሬ የሚያውቅ ሰው የለም።»

«አየሽ! ታዲያ ይኼን እያወቅሽ?»

«አንተስ? ዝናቡ ይምጣ አይምጣ ሳታውቅ በየዓመቱ ትዘራ የለም ወይ? ዘንድሮ ሰማዩ አላስተማመነኝም ብለህ ዘሩን ጎተራ ውስጥ አስቀምጠህ ታውቃለህ?»

ገበሬውን በገዛ እርሻው ያዘችው። እኔም ነገሩ አለቀ ብዬ ደስ ሊለኝ ሲል ፊቱን አየሁት፤ ልቡ አልተንቀሳቀሰም። ያኔ ገባኝ፤ እስካሁን ያለው ሁሉ ሰበብ ነበር። ዋናው ነገር ገና አልወጣም።

በዚህ መሐል አርዲስ እጇን በሽርጧ እየጠረገች አንድ ሳሕን ይዛ መጣች። ሳሕኑ ላይ አንዲት የሎሚ ኬክ ቁራጭ ቀርታለች።

«ማን ይጨርስልኝ?» አለች።

«በቃኝ» አልኩ።

«በቃኝ» አለች ማረን።

«እኔም ጠግቤአለሁ» አለ ኤርሊንግ።

አርዲስ ቢላ አምጥታ ለሁለት ከፈለቻት። አንዱን ግማሽ ራሷ ወሰደችና ሌላውን ግማሽ ተወችው። እዚህ ምድር ቤት ውስጥ ሥርዓቱ ይኸው ነው። የመጨረሻዋን ቁራጭ የሚበላ የለም፤ ግማሿን ይወስዳሉ፣ ከዚያ የግማሿን ግማሽ ይወስዳሉ፣ በመጨረሻ ለዝንብ የማትበቃ ነገር ሳሕኑ ላይ ትቀራለች። ጨዋነት ነው ይባላል።

ኤርሊንግ ያቺን ግማሽ ትኩር ብሎ አያት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለልጁ ብቻ የሚናገር ይመስል፣ እንዲህ አለ፦

«ማረን፣ ነገሩ ኩራት ብቻ አይደለም። ያ ገንዘብ ማለቂያ አለው። አንቺ አንዱን ስታነሺ አንዱ ልጅ ያጣል። ጓደኛሽን ሆዳንን እያት። አባቷ ቱርክ ዶሮ ፋብሪካው ውስጥ በብርድ ቆሞ ሥጋ ሲቆርጥ ይውላል፤ ከሶማሊያ ሲመጣ የለበሳትን ጃኬት ብቻ ነው ይዞ የመጣው። እኔ ቢያንስ መሬት አለኝ። የእሱን ልጅ ምግብ ቀምቼ ልጄን አስተማርኩ ብል እንቅልፍ የሚወስደኝ ይመስልሻል? ለባሰበት ይሁን።»

ግትር ነው ብዬ በልቤ ስሰድበው የቆየሁት ሰው ለካ የሌላ ሰው ልጅ ያሳስበው ኖሯል። አፈርኩ፤ አሳዘነኝም። የማረንም ዓይን እንባ ሞላ።

«አባዬ፣ ይኼንን ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ።»

«እሺ ስማኝ። ሆዳን የራሷን አግኝታለች። መስፈርቱን ላሟላ ተማሪ ሁሉ ነው የሚሰጠው፤ እኔ ብተው ለእሷ አንድ ሳንቲም አይጨመርላትም፤ ብወስድም ከእሷ አይቀነስም።»

«ታዲያ የአንቺ ድርሻ የት ይሄዳል?»

ማረን ሳሕኑን አነሣችና ወደ አርዲስ ዞረች።

«ወይዘሮ አርዲስ፣ ይቺን ማንም ካልበላት ምን ትሆናለች?»

«ምን ትሆናለች? ትደርቅና እጥላታለኋ!»

«ለተራበ ሰው አይወስዷትም?»

«ማን ደረቅ ኬክ ይበላል፣ ልጄ?»

«በሚመጣው እሑድስ? ዛሬ ብዙ ቢተርፍ ኖሮ ስንት ትሪ ይጋግሩ ነበር?»

«ከተረፈማ አንድ ትሪ እቀንሳለሁ! ስኳር በነፃ ይመጣል እንዴ?»

ማረን ሳሕኑን አባቷ ፊት አስቀመጠችው።

«ሰማህ አባዬ? ዋሽንግተንም እንደዚሁ ነው። እኛ ያልወሰድነውን ‹ይኼ ለሆዳን ይሁን› ብሎ የሚያስቀምጥ የለም። ‹ትርፍ ተገኘ› ይባልና በጀት ሲደራደሩ ለሌላ ጉዳይ ያነሡታል፤ አድርገውትም ያውቃሉ። ከዚያ ደግሞ ‹ፈላጊው ያን ያህል አይደለም› የሚል ሰው መከራከሪያ ያገኛል። የሆዳን ታናሽ ወንድም ደርሶ ሲያመለክት ሳሕኑ አንሶ ይጠብቀዋል። አንተ ለባሰበት የተውክ መስሎህ ለባሰበት ልጅ ነው ያሳነስክበት።»

ኤርሊንግ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። ቶሎ የሚረታ ሰው አይደለም።

«ሁላችንም ብንወስድስ?» አለ። «በዛብን፣ አልቻልነውም ብለው አይቀንሱትም?»

«ሊሉ ይችላሉ» አለች ማረን። «አይሉም ብዬ አልምልልህም። ግን ያኔ የሚቀንሱት በአደባባይ ቆመው፣ እጃቸውን አውጥተው ነው። ማን እንደ ቀነሰ ይታወቃል። ለራሳችን የኮንግሬስ ተወካይ ደውለህ ‹ለምን?› ትለዋለህ። ማንም ያልፈለገውን ገንዘብ ሲያነሡት ግን ማን ይጮኻል? አንተ ትጮኻለህ?»

«እኔ መጮኽ አልወድም።»

«አውቃለሁ። ለዚህ እኮ ነው የሚቀለው።»

ነገሩን እዚህ ላይ ልያዘው። የበጀት ክርክር ሲባል ሩቅ ያለ፣ ከረባት ያሰሩ ሰዎች ብቻ የሚጨቃጨቁበት ጉዳይ ይመስለናል። ግን መንግሥት የሚያየው የጠየቀውን ሰው ነው። ጨዋ ሆኖ ዝም ያለውን፣ አፍሮ የቀረውን፣ ‹ሌላው ይብሰዋል› ብሎ ያለፈውን አያየውም፤ ላላየውም በጀት አይመድብለትም። የእኛ አገር ሰው ለጎረቤቱ የሚያሳየው ጨዋነት መልካም ነው። ጎረቤት ባትጠይቀውም ጓዳህን ያውቃል፤ ዋሽንግተን ግን የማንንም ጓዳ አያውቅም። ይህን ለይቶ ማወቅ ብልህነት ነው፣ ስግብግብነት አይደለም።

ኤርሊንግ እጁን ዘርግቶ የቀረችውን የሎሚ ኬክ አነሣና ሙሉዋን አፉ ውስጥ ከተታት።

አርዲስ አፏን ይዛ ቆመች። «በዚህ ምድር ቤት ይኼን ያህል ዘመን ሳጥብ ሰው እንዲህ ሲያደርግ አላየሁም!» አለች።

«ይጣፍጣል» አለ ኤርሊንግ። «ማረን፣ ያን ኮምፒውተርሽን አውጪው።»

ፈቃዱን ለመስጠት የፈጀብን ጊዜ ክርክሩ ከፈጀው በለጠ። ኢሜይል የለውም ኖሯል። ከፈትንለት። የይለፍ ቃል ምረጥ ሲባል የሚወዳትን ላም ስም በሙሉ ድምፁ ተናገረ፤ አርዲስም ከወጥ ቤት «እኔም ሰማሁት፤ ቀይረው!» አለችው። መጨረሻ ላይ ‹እፈቅዳለሁ› የሚለውን በአንድ ጣቱ ተጫነው። ማረን አንገቱን አቀፈችው፤ እሱም እንደ ልማዱ «ይሁን፣ ይሁን» እያለ ጀርባዋን መታ መታ አደረገ።

ማረን በመከር ወራት ዩኒቨርሲቲ ገባች። የፌዴራሉ እርዳታ መጣላት፤ በዚያው ማመልከቻ የክፍለ ግዛቱም የዩኒቨርሲቲውም ተከትሎ መጣ። ቀሪውን በበጋ እኔ ዘንድ እየሠራች ትሸፍነዋለች። ብድር ጨርሶ አልነካትም ባልልም አንገቷ ድረስ አልሰመጠችም። ከዚህ የበለጠ የደነቀኝ ግን ኤርሊንግ ነው። ልጅ ያለው ጎረቤት ባገኘ ቁጥር ስለ በረዶው ያወራና፣ ያወራና፣ ቀስ ብሎ «ያቺን የተማሪ እርዳታ ማመልከቻ ሞላችሁ?» ይላል። «ኧረ ለባሰበት ይሁን ብለን ነው» የሚለው ሰው ካጋጠመው ምሳ ሰዓቱ እስኪያልፍ አይለቀውም። ዘንድሮ እሱ ይዟቸው የሞሉት ልጆች ብዙ ናቸው፤ አንዱ ነርስነት፣ አንዷ የመምህርነት ትምህርት ጀምረዋል፤ ሲመረቁ የሚያገለግሉት እኛኑ ነው።

ባለፈው ወር ማረን ለዕረፍት መጥታ ነበርና ይዣት ሄጄ አንድ በሬ ላሳያት ብዬ ወደ ቤታቸው ጎራ አልኩ። በጀቱ እንደገና አከራክሯል፤ የተማሪው እርዳታ ይቀነስ የሚሉት ድምፃቸው ከፍ ብሏል። ኤርሊንግ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ ስልክ ያናግራል። የሚያናግረው የተወካያችንን ቢሮ ነው። ያ መጮኽ የማይወድ ሰው እየጮኸ አልነበረም፤ በትሕትና ግን አልላቀቅ ብሏል። ስልኩን ያነሣው ወጣት ምን እንዳለው ባልሰማም ጥያቄውን ከመልሱ ዐወቅኩት።

«የለም፣ ልጄ» አለ ኤርሊንግ፤ «የእኔዋ ገብታለች። ተመስገን፣ እየተማረች ነው። የምደውለው ስለ ጎረቤቴ ልጅ ነው፤ የልጄ ጓደኛ የሆዳን ወንድም ነው፤ ዘንድሮ ሁለተኛ ደረጃ ይጨርሳል። ስሙን ልንገርህና ጻፍልኝ።»